ከሥራ ሰዓት በኋላ የተሣለች ጨረቃ

ዮሐንስ ሄቬልየስ ቢራ ጠማቂ ነበር። ዛሬ ግዳንስክ በምትባለው፣ በዚያ ዘመን ግን ዳንዚግ በሚሏት የባልቲክ ባሕር ወደብ በ1611 ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የጠመቃ ቤት ባለቤት ስለነበር፣ ልጁ ሕግ ተምሮ፣ ንግዱን ወርሶ፣ ከከተማው ታላላቆች ጋር ወንበር ይዞ እንዲኖር ነበር የታሰበለት። የታሰበውም ሁሉ ሆነ። ሄቬልየስ ሆላንድ ሄዶ ሕግ ተማረ፣ ቢራውን ጠመቀ፣ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ። ማታ ማታ ግን፣ የጠመቃው እሳት ሲዳፈንና ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ፣ እሱ ጣሪያው ላይ ይወጣ ነበር።

በ1641 ጎን ለጎን በቆሙት ሦስት ቤቶቹ ጣሪያ ላይ ሰፊ ሰገነት አሠራ። ቴሌስኮፕ እንደ ልብ ከገበያ የሚገዛበት ዘመን ስላልነበረ የሌንሱን መስታወት ራሱ እየፈተገ ያለሰልሰው ነበር። ከዚያ አንድ ዓይኑን ቱቦው ላይ ጥዶ የጨረቃን ፊት ወረቀት ላይ ይሥላል። ሲነጋ ደግሞ ሥዕሉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀርጻል። ቀራጭ የሚቀጥርበት ገንዘብ አጥቶ አልነበረም፤ የሌላ ሰው እጅ ያየሁትን ያዛባብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ነው። በመዳብ የተቀረጸ ነገር ሲታተም ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ስለዚህ ሌሊት ያየውን ተራራና ጎድጓዳ ስፍራ ሁሉ ቀን ላይ በሐሳቡ ገልብጦ፣ በስለታም ብረት፣ ፀጉር በሚያህል መስመር መዳቡ ውስጥ ይከተዋል። ለዓመታት በዚህ ቀጠለ። በ1647 «ሴሌኖግራፊያ» የተሰኘው ግዙፍ መጽሐፉ ታተመ፤ ጨረቃ ከሠርቅ እስከ ሠርቅ መልኳን ስትለዋውጥ የሚያሳዩ 40 ያህል ሥዕሎችና ትልልቅ ካርታዎች ይዟል። ስለ ጨረቃ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ የመጀመሪያው የካርታ መጽሐፍ ይህ ነው።

ከዚያ ጣሪያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የጨረቃ መልክ ጥናት በአብዛኛው እንደ ሄቬልየስ ባሉ ሰዎች እጅ ቆየ፤ እንጀራቸው ሌላ ሥራ፣ ልባቸው ግን ሰማይ በሆነ ሰዎች። መንግሥትና ዩኒቨርሲቲ ደመወዝ የሚከፍላቸው ሊቃውንት በከዋክብት አቀማመጥና ለመርከበኛ በሚጠቅም ስሌት ተጠምደው ነበር። ከጨረቃም የሚፈልጉት መንገዷን እንጂ መልኳን አልነበረም። መልኳ ለጠማቂው፣ ለዳኛው፣ ለባንከኛው፣ ለሐኪሙ ተረፈ።

እርግጥ ጨረቃን በቴሌስኮፕ አይቶ ሲሥል ሄቬልየስ የመጀመሪያው አልነበረም። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየት በጁላይ 1609 ሥሏታል። ጋሊሊዮ ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ተመልክቷት፣ ያየውን በማርች 1610 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ለዓለም አሳወቀ። የጋሊሊዮ ትልቁ ማስተዋል ተራራ ማየቱ ብቻ አይደለም፤ ያየው ነገር ተራራ መሆኑን ያወቀበት መንገድ ነው። በጨለማው ወገን ውስጥ፣ ከብርሃኑ ድንበር ራቅ ብለው፣ ለብቻቸው የሚያበሩ ነጠብጣቦችን አየ። ደጋ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ሸለቆው ገና ጨለማ ሳለ የተራራው ጫፍ ቀድሞ ፀሐይ ይሞቃል። ጋሊሊዮ ነጠብጣቡ ከድንበሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ለክቶ የተራራውን ቁመት በስሌት አወጣ።

ይህ በቀኗና በሌሊቷ መካከል ያለው ድንበር የጨረቃ ወዳጆች ሁሉ ሲያነቡት የኖሩት መስመር ነው። ሙሉ ጨረቃ ለሌሊት መንገደኛ መልካም ናት፤ ካርታ ለሚሠራ ሰው ግን ከሌሊቶች ሁሉ ደካማዋ እሷ ናት። ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራባት ጥላ የላትም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ተራራና ሜዳ አይለዩም። ድንበሩ ላይ ግን አንድ ሜትር ከፍታ ብዙ ሜትር ጥላ ይጥላል። ድንበሩ በጨረቃ ወገብ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ጥሩ ሯጭ እየሮጠ አብሮት ሊሄድ ይችላል። የዝናብ ባሕር በሚባለው ጥቁር ሜዳ ላይ ፒቶን የሚሉት ብቸኛ ተራራ አለ፤ ቁመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጎሕ ወደ እሱ ሲቀርብ መጀመሪያ በድቅድቁ ውስጥ የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ብልጭ ትላለች። ቴሌስኮፑ ላይ ዓይኑን ተክሎ የቆየ ሰው ነጥቧ ስትሰፋ፣ ጎን ስታወጣ፣ ቀስ በቀስም ከደረሰው ብርሃን ጋር ስትገናኝ ያያል። ያን ጊዜ ተራራው ከኋላው እንደ ጦር የሾለ ጥላ ይዘረጋል። በማግሥቱ ማታ ጥላው አጥሯል። ጨረቃ ስትሞላ ጥላውም የለም፤ የቀረው ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው።

ቁመት የሚለካው በዚህ ጥላ ነው። ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ጥላ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ፣ ድንቁም ሆነ ኀዘኑ፣ ከዚህ ይመነጫል።

ሄቬልየስ ለተራሮቹ በምድር ያሉ ተራሮችን ስም ሰጥቶ ነበር። ዛሬ ድረስ ጨረቃ ላይ አልፕስና አፔኒን የሚባሉ ሰንሰለቶች የቀሩት ከእሱ ነው። የተረፈው አሰያየሙ ግን ብዙም አልዘለቀም። በ1651 የቦሎኛው ኢየሱሳዊ ካህን ጆቫኒ ባቲስታ ሪቾሊ፣ ግሪማልዲ ከተባለ ባልንጀራው ጋር የሠራውን ካርታ ሲያወጣ፣ ጥቁሮቹን ሜዳዎች በአየር ጠባይ፣ ክሬተር የምንላቸውን ክብ ጎድጓዶች ደግሞ በሊቃውንት ስም ጠራቸው። የጸጥታ ባሕር፣ የዝናብ ባሕር፣ የማዕበል ውቅያኖስ የሚሉት ስሞች የሱ ናቸው። ምድር ፀሐይን ትዞራለች ያለውን ኮፐርኒከስን የሪቾሊ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበለችውም ነበር። ሆኖም ካህኑ 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ላለው፣ ከሁሉ ለሚያምረው ክሬተር የሰጠው የኮፐርኒከስን ስም ነው። ከሰሜኑ ጠርዝ አጠገብ ደግሞ የአቴናዊው የሜቶን ስም አለ። 19 የፀሐይ ዓመት ሲሞላ ጨረቃ ዞራ በዚያው ቀን እንደምትገጥም ያስታወቀው፣ ስሙ ከዑደቱ ጋር ተጣምሮ የቀረው እሱ ነው። የኛ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴና መጥቅዕ የሚያወጡት በዚሁ የ19 ዓመት ዑደት ነው። አጽዋማትንና በዓላትን ሲቀምር የኖረ መምህር ያን ክሬተር በቴሌስኮፕ ቢያይ የሩቅ ዘመዱን ያገኘ ያህል ይሰማው ይሆናል።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1679 ማታ የሄቬልየስ ቤት ተቃጠለ። ሰገነቱ፣ መሣሪያዎቹ፣ ማተሚያው፣ መጻሕፍቱ፣ የሕይወት ዘመኑ ድካም በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። የከዋክብት ዝርዝሩን ጨምሮ የተረፉት ጥቂት የእጅ ጽሑፎች ናቸው። 68 ዓመቱ ነበር፤ እንደገና ሠራው። ከአጠገቡ ያልተለየችው ሁለተኛ ሚስቱ ኤልዛቤት ኮፕማን ናት። በ1663 ስታገባው ገና ልጅ ነበረች፤ ሰማዩን አብራው እየለካች አደገች። በ1687 በተወለደበት ቀን ሲሞትም ያልታተመውን ሥራ አጠናቅቃ ከ1,500 በላይ ከዋክብት የያዘውን ዝርዝር በ1690 አሳተመችው። በሥነ ፈለክ ታሪክ ከሠሩ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ብሎ መጥቀስ ብቻ ያንሳታል፤ የባሏ የመጨረሻ ሥራ ለእኛ የደረሰው በሷ እጅ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ችቦው ለአንድ ዳኛ ደረሰ።

ዮሐን ሂሮኒመስ ሽሮተር በብሬመን አጠገብ የምትገኘው የሊሊየንታል መንደር አስተዳዳሪና ዳኛ ሆኖ በ1782 ተሾመ። ከሹመቱ አንድ ዓመት በፊት ዊልያም ኸርሼል የሚባል፣ በሙዚቃ የሚተዳደር ሰው እንግሊዝ አገር በቤቱ ጓሮ ሆኖ ዩራነስን አግኝቶ ነበር። የኸርሼልን ቤተሰብ በሙዚቃ ያውቅ የነበረው ሽሮተር በዚህ ዜና ልቡ ተነካ። ጸጥ ያለች መንደርና ብዙ ትርፍ ሰዓት የሚሰጥ ሹመት ለዚህ ምቹ ነበር። አትክልተኛው ሃርም ጌፍከን እጀ ብልህ ሆኖ ስላገኘው መስታወት መፈተግ አስተማረው። ጌታና አትክልተኛ አብረው በአውሮፓ ምድር በዘመኑ ወደር ያልነበረው 27 ጫማ የሚረዝም ቴሌስኮፕ ሠሩ። ሽሮተር የጨረቃን አንዳንድ ስፍራዎች አንድ በአንድ፣ በተለያየ ብርሃን፣ ደጋግሞ ሣለ። ስንጥቅ የሚመስሉትን ረጃጅም ቦዮች በጥንቃቄ ያጠናና ዛሬም ድረስ የሚጠሩበትን የጀርመንኛ ቃል ያስለመደ እሱ ነው። የሥዕሎቹ ስብስብ በ1791 እና በ1802 በሁለት ቅጽ ወጣ።

እጁ ጎበዝ ሠዓሊ አልነበረም፤ የሚያየውን ሁሉ ደግሞ ለውጥ ነው ብሎ ለማመን ይቸኩል ነበር። ጨረቃ አየር አላት፣ ምናልባትም ነዋሪ አላት ብሎ ተስፋ አድርጓል። ቢሆንም አንድን ስፍራ ደጋግሞ የመጎብኘትን ልማድ ያቆመው እሱ በመሆኑ ባለውለታ ነው። በአፕሪል 1813 የናፖሊዮን ጦር መንደሪቱን አቃጠለ። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብና ገና ያልተሸጡ መጻሕፍቱ ነደዱ። ጥቂት ቀናት ቆይቶም ወታደሮች የመመልከቻ ቤቱን ዘረፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞተ።

የሱን መንገድ እስከ ጫፉ የሄደበት የሙኒኩ ሐኪም ፍራንዝ ፎን ፓውላ ግሩይትሁይዘን ነው። በ1822 በትንሽ ቴሌስኮፑ የተደረደሩ ግንቦችና መንገዶች አየ፤ በ1824 ጨረቃ ላይ ከተማ አለ ብሎ አሳተመ። ከሱ የተሻለ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ሲያዩት ከተማው ዝቅተኛ ጉብታዎች ሆኖ ተገኘ። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ጥላቸው ቀጥ ያለ ግድግዳ ይመስላል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ይጠፋል። ስሙ ለመሳለቂያ ቀረ። ይኸው ሰው ግን ክሬተሮቹ ከሰማይ የወደቁ አለቶች ያደረሱት ጉዳት ናቸው የሚል ሐሳብ በ1820ዎቹ መጨረሻ ጽፎ ነበር። እውነቱን ማንም አልሰማውም። በከተማው የሳቁበት ሰዎች ይህኛውንም አብረው ጣሉት፤ መቶ ዓመት ያለፈ ጊዜም ባከነ።

በርሊን ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥምረት ተፈጥሮ ነበር። ዮሐን ሃይንሪክ ሜድለር ወላጆቹን በተስቦ ያጣው ገና በወጣትነቱ ነው፤ ታናናሽ እኅቶቹን ለማሳደግም አስጠኚ ሆነ። ከተማሪዎቹ አንዱ ቪልሄልም ቤር የሚባል ባለጸጋ የባንክ ባለቤት ነበር፤ የታላቁ የኦፔራ ደራሲ የማየርቤር ወንድም ነው። አስተማሪው ዕውቀት፣ ተማሪው ገንዘብ ነበረው። ቤር በርሊን ዳርቻ ባለው ቤቱ የመመልከቻ ሰገነት ሠራ፤ ፍራውንሆፈር የሠራውን ጥሩ ቴሌስኮፕም ገዛ። የሌንሱ ስፋት 9.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ዛሬ ማንኛውም ጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ሊገዛ ይችላል።

በዚህች ሌንስ ከ1830 ጀምረው 600 ሌሊት ያህል ሠሩ። አብዛኛውን ቱቦው ላይ ያመሸው ሜድለር ነበር። የብዙ መቶ ተራሮችን ቁመት ከጥላቸው ለኩ። ትልቁ ካርታቸው ከ1834 እስከ 1836 በአራት ቅጠል ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት «ጨረቃ» የተባለው መጽሐፍ ተከተለ። የሽሮተርን ሕልም የዘጉት እነሱ ናቸው። ጨረቃ የሚረባ አየር የላትም፣ ውኃ የላትም፣ ምንም አይለወጥባትም አሉ። ድምዳሜያቸው በአብዛኛው ትክክል ነበር። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ካርታው እጅግ ጥሩ፣ ፍርዱም እጅግ ቁርጥ ስለነበር ብዙዎች ከዚህ በኋላ ጨረቃን ማየት ለምን ያስፈልጋል አሉ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ጥናቱ ቀዘቀዘ።

ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። በ1839 ኦይቲን በምትባል የጀርመን ከተማ በጨረታ ላይ የ14 ዓመት ልጅ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ያገኛል፤ የሽሮተርን የጨረቃ ሥዕሎች። ዩልየስ ሽሚት የተባለው ይህ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ጨረቃን ትቶ አያውቅም። አድጎ የአቴና መመልከቻ አለቃ ሆነ፤ ለዚያ ያደረሰው ግን ያ የጨረታ መጽሐፍ ነው። በ1878 ባወጣው፣ ወርዱ 2 ሜትር በሚጠጋ ካርታ ላይ 32,856 ክሬተሮችን አስፍሯል። ይህን ቁጥር ሳነብ ሁልጊዜ እጁ ይታየኛል፤ እያንዳንዷን በእጁ ነው የሣላት።

የሚታወቀው ግን በአንዲት ክሬተር ነው። በኦክቶበር 1866 ሽሚት ሊኔ ጠፋች አለ። የቀደሙት ካርታዎች 10 ኪሎ ሜትር ያህል የምትሰፋ ጥልቅ ጎድጓድ አድርገው ነበር ያስቀመጧት፤ እሱ ያየው ደብዛዛ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ወሬው በአውሮፓ እንደ ሰደድ እሳት ተሰማ። የሞተች የተባለችው ጨረቃ ሕያው ከሆነች መመልከት እንደገና ዋጋ አለው። ቀሳውስት፣ መሐንዲሶች፣ ነጋዴዎች ቴሌስኮፓቸውን ከየሣጥኑ አወጡ። ዛሬ ከመንኮራኩር በተነሡ ፎቶዎች እንደምናውቀው ሊኔ 2.2 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሰፋ፣ ዙሪያዋን ነጭ ትቢያ የረጨች ወጣት ክሬተር ናት፤ ምንም አልሆነችም። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጉድጓድ፣ ከፍ ስትል ነጭ ነጥብ ትመስላለች። ለአንድ ትውልድ ያህል የጨረቃን ጥናት ያነቃቃው ስሕተት ነበር። እኔ ይህን ስሕተት እወደዋለሁ፤ ያለሱ ብዙ ካርታ ባልተሠራ ነበር።

ክሬተሮቹ ከየት መጡ የሚለው ጥያቄ ግን ቀረ። የእንፋሎት መዶሻን የፈለሰፈው መሐንዲስ ጀምስ ናስሚዝ ገና በደኅና ዕድሜው ከፋብሪካው ጡረታ ወጥቶ ጨረቃን ያዘ። በ1874 ከጀምስ ካርፔንተር ጋር ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ፣ የጨረቃን ገጽ በጀሶ ቀርጾ በጎን ብርሃን ያነሣቸው ፎቶዎች አሉ፤ እውነተኛውን ገጽ ያዩ ያህል ያስደንቃሉ። ከነሱ አጠገብ የአንድ ሽማግሌ የተጨማደደ የእጅ ጀርባና የደረቀ ፖም ፎቶ አለ። ጨረቃ ስትቀዘቅዝ ተሸብሽባለች፣ ተራራዋ ከዚህ ነው፣ ክሬተሯም የእሳተ ገሞራ አፍ ነው ሊል ነው። ፎቶው ከማማሩ የተነሣ ሰው አመነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም።

መልሱን ይዞ የመጣው ራልፍ ባልድዊን ነው። ትምህርቱ ሥነ ፈለክ ቢሆንም የኖረው በአሜሪካ የሚሺጋን ክፍለ ሀገር፣ የእንጨት ሥራ ማሽን በሚያመርተው የቤተሰቡ ፋብሪካ ነው። በ1941 ቺካጎ በሚገኘው አድለር ፕላኔታሪየም ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ የጨረቃ ፎቶዎችን ሲያይ ከዝናብ ባሕር ዙሪያ እንደ ጮራ የሚፈነጥቁ ቦዮች ዓይኑን ያዙት። ስለ ቦዮቹ የጻፈውን ጽሑፍ ታላላቆቹ የሥነ ፈለክ መጽሔቶች አልተቀበሉትም፤ ለሰማይ ወዳጆች በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ አወጣው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ቦምብ በምድር ላይ የቆፈራቸውን ጉድጓዶች ስፋትና ጥልቀት ከጨረቃ ክሬተሮች ጋር አነጻጸረ፤ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ተሰለፉ። ክሬተር ከሰማይ የወደቀ አለት ፍንዳታ እንጂ እሳተ ገሞራ አይደለም። መጽሐፉ በ1949 ታተመ፤ ከአፖሎ ጉዞዎች በፊት የጨረቃን ሳይንስ ያቀኑትን ሰዎች አስተማሪ ሆነ። የሙኒኩ ሐኪም የተናቀ ሐሳብ በዚህ መንገድ ነፍስ ዘራ።

በዚያው ዘመን የብሪታንያ የጨረቃ ወዳጆች በ1890 በተቋቋመው የሥነ ፈለክ ማኅበራቸው ጥላ ሥር ካርታ እያሳደጉ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛው ሂዩ ፐርሲ ዊልኪንስ ወርዱ 300 ኢንች፣ ማለትም ከ7 ሜትር ተኩል በላይ የሚሆን ካርታ ሠራ። ያን የሚያህል ካርታ በጽናት እንጂ በሌላ አይሠራም። በ1953 ግን ጥላው እሱንም ያዘው። በጁላይ ወር ጆን ኦኒል የተባለ አሜሪካዊ የጋዜጣ የሳይንስ አዘጋጅ፣ የቀውጢ ባሕር በሚባለው ሜዳ ጠርዝ ላይ በሁለት ተራሮች መካከል የተዘረጋ ድልድይ አየሁ አለ። ዊልኪንስም በበኩሉ አየሁት ብሎ በሬዲዮ ተናገረ። ዝቅተኛ ፀሐይ በክፍተቱ ሾልካ የፈጠረችው የብርሃን መስመር መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነገሩ ስሙን አጎደፈበት፤ በ1956 የማኅበሩን የጨረቃ ክፍል መምራት ተወ። የሺህ ሌሊቶች ሥራ በአንዲት ጥላ መመዘኑ ያሳዝናል።

ከሱ ጋር ይሠራ የነበረው ወጣት ፓትሪክ ሙር ይባላል። በ11 ዓመቱ የማኅበሩ አባል የሆነ፣ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ነው። በአፕሪል 1957 የጀመረውን ወርኃዊ የሰማይ ዝግጅት በቢቢሲ ቴሌቪዥን በ2012 እስኪሞት ድረስ አቀረበ። ጨረቃ ላይ ብልጭ ብለው የሚጠፉ ብርሃኖችንና ጭጋጎችን ጉዳይ በቁም ነገር የያዘው እሱ ነበር። በ1968 ከሦስት ተባባሪዎች ጋር ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ ባዘጋጀው መዝገብ ውስጥ ከ1540 እስከ 1967 የተዘገቡ 579 ክስተቶች ተሰብስበዋል። ብዙዎቹ የምድር አየር መናወጥና የዓይን ድካም ውጤት ሳይሆኑ አይቀሩም። ሆኖም ወዳጆቹ መመልከታቸውን አላቆሙም።

በጁላይ 1969 አፖሎ 11 በጨረቃ ዙሪያ ሲዞር የሆነውን እነሆ። ምዕራብ ጀርመን ቦኹም ከተማ ያሉ ተመልካቾች አሪስታርኮስ በተባለው ክሬተር ላይ ብርሃን ሲደምቅ አየን ብለው ላኩ። መልእክቱ ሂዩስተን ካለው የጉዞው መቆጣጠሪያ ደረሰ፤ ሂዩስተን ለመንኮራኩሩ ነገረው። ኒል አርምስትሮንግ በመስኮቱ ወደ ሰሜን ተመልክቶ ከአካባቢው በጣም የበራ ስፍራ እንዳለ መለሰ። አሪስታርኮስ ከጨረቃ ብሩህ ስፍራዎች አንዱ በመሆኑ ያየው ነገር ልዩ ክስተት ነው ለማለት አይቻልም። ይሁንና ምድር ላይ ቴሌስኮፕ ይዞ የቆመ ሰው የላከው ቃል እዚያው ጨረቃ አናት ላይ ላለ ሰው ደርሶ መልስ የተሰጠበት ያን ሌሊት ነው።

የብልጭታው ጥያቄ ሌላ መልስ የነበረው በአንድ ሐኪም ፎቶ ውስጥ ነበር፤ ወይም እንደዚያ መስሎ ነበር። ሊዮን ስቱዋርት የተባለ የኦክላሆማ ሐኪም በኖቬምበር 1953 የጨረቃን ፎቶ ሲያነሣ መካከሏ አካባቢ ነጭ ነጥብ ቀረለት። አለት ሲወድቅባት ነው ብሎ አሳተመ፤ ብዙዎች አላመኑትም። በ2003 ሁለት ተመራማሪዎች ከመንኮራኩር ፎቶ ላይ ትኩስ ክሬተር አገኘን አሉ፤ የሐኪሙ ቃል የተረጋገጠ መሰለ። ብዙ ሳይቆይ ያው ክሬተር በ1919 በተነሣ አሮጌ ፎቶ ላይ ተገኘ። አለት ጨረቃን ሲመታ ብልጭታ ይታያል የሚለው ግምቱ ግን ትክክል ነበር። ኖቬምበር 18 ቀን 1999 በሊዮኒድ ተወርዋሪ ኮከቦች ሌሊት ብራያን ከድኒክ ቴክሳስ ሆኖ በዓይኑ ያያትን ብልጭታ፣ ሜሪላንድ የነበረው ዴቪድ ዱንሃም በቪዲዮ ቀርጿት ተገኘ። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ሩቅ ስፍራ፣ አንድ ቅጽበት። ለዘመናት የጎደለው ማስረጃ ይህ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ናሳ በየወሩ የጨረቃን ጨለማ ወገን የሚጠብቅ ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ በማርች 2013 የመዘገበው ብልጭታ የቆፈረውን 18 ሜትር የሚሰፋ ጉድጓድም መንኮራኩር ፎቶ አንሥቶ አገኘው።

ጃንዋሪ 21 ቀን 2019 ሌሊት ጨረቃ በምድር ጥላ ውስጥ ገብታ እንደ መዳብ ቀላች። በአሜሪካና በአውሮፓ እጅግ ብዙ ሰው ካሜራውን ደግኖ ነበር፤ የሚጠብቁት ግርዶሹን ብቻ ነው። ጨለማው ሲሟላ፣ በግሪንዊች ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 4:41 ላይ፣ 45 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል ተብሎ የተገመተ አለት በሰዓት 61,000 ኪሎ ሜትር እየተምዘገዘገ መታት። ብልጭታው የቆየው 0.28 ሰከንድ ነው። ስፔን ውስጥ እንዲህ ያለውን ብልጭታ ለማደን የተሰለፉ ቴሌስኮፖች ያዙት። ወሬው ሲሰማ ከየአገሩ ያሉ ወዳጆች ወደ ቅጂያቸው ተመልሰው እያንዳንዱን ምስል አንድ በአንድ መመርመር ያዙ። ብዙዎቹም በግራ በኩል፣ ጥቁሩ ጠርዝ አጠገብ፣ ሌሊት ያላስተዋሏትን ነጭ ነጥብ አገኟት።